ትካዜና የባሕር ማሽላ

ሰው ያለ ምክንያት ሲተክዝ፣ ከወዳጆቹ ሲርቅ፣ እንቅልፍ ሲነሣውና የኑሮው ጣዕም ሲጠፋበት፣ ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ምክንያት ይሰጥለታል። አንዱ «ክፉ መንፈስ ተጠናውቶት ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «ሥራ መፍታት ያመጣበት ጣጣ ነው» ይላል፤ ሦስተኛውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከዘራቸው ነው» ይላል። ዛሬ ሐኪሞች ድባቴ የሚሉትን ይህን ሕመም ለማስረዳት፣ በሥልጣኔ ቀደምን በሚሉት አገሮችም ዘንድ ከእነዚህ ከሦስቱ መልሶች ርቆ የሄደ ሰው ለብዙ ዘመን ጥቂት ነበር። በሽተኛው ትናንት ምን በላ ብሎ የጠየቀ ግን ከሁሉም ያነሰ ነበር።

ጥያቄው ራሱ አዲስ አይደለም። የጥንት ግሪኮች ለዚህ ደዌ «ሜላንኮሊያ» የሚል ስም ሲሰጡት ትርጓሜው ጥቁር ሐሞት ማለት ነበርና የትካዜን ሥር ከሥጋ ውስጥ ይፈልጉት እንደ ነበር ስሙ ይመሰክራል። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ገሌኖስ ጥቁር ሐሞትን ያበዛሉ ያላቸውን ምግቦች ሲቈጥር የፍየልና የበሬ ሥጋ፣ ጥቅል ጎመን፣ የቈየ አይብና ምስር በዝርዝሩ አግብቷል። በምስር ላይ የተፈረደው ፍርድ ለእኛ ለምስር ወጥ ወዳጆች የሚያስቅ ነው፤ ደግሞም ወደ ኋላ እንደምናየው የታሪኩ ፍጻሜ ለጥራጥሬ ዘር ካሣ ከፍሎታል። ገሌኖስ በዝርዝሩ ቢሳሳትም በአሳቡ ግን ከብዙዎቹ ተከታዮቹ ይልቅ ለእውነት የቀረበ እንደ ነበር እንገምታለን።

ይህንን ለማሳየት የአንዱን በሽታ ታሪክ መርጠናል። የበሽታው ስም ፔላግራ ይባላል። በመጀመሪያ ቆዳን ያቈስላል፤ ቀጥሎ ሆድን ያበላሻል፤ በመጨረሻም አእምሮን ይነካል። ብዙ ጊዜ ግን ቅደም ተከተሉን አይጠብቅም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ትካዜ፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና ብስጭት ታይተው፣ ቆዳው ገና ጤነኛ ሲሆን በሽተኛው ከእብዶች ቤት የሚገባበት ጊዜ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

የታሪኩ መነሻ አንድ እህል ነው። አባቶቻችን በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ብለው የጠሩት ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ስላወቁ ነው፤ በእውነትም በቆሎ ከ1492 ዓ.ም. የኮሎምቦስ ጉዞ በፊት ከአሜሪካ ምድር በቀር በሌላው ዓለም አይታወቅም ነበር። በሜክሲኮና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ሕዝቦች ግን በቆሎን እንዲሁ ፈጭተው አይበሉትም። አስቀድመው በኖራ ወይም በዐመድ ውሃ ይቀቅሉታል፤ ያሳድሩታል፤ ያጥቡታል፤ ከዚያ በኋላ በድንጋይ ፈጭተው ቂጣ ይጋግሩታል። ይህን የሚያደርጉበትን ምክንያት የጠየቃቸው የአውሮፓ ሰው ቢኖር ኖሮ ምናልባት «እናቶቻችን እንዲህ ያደርጉ ነበር» ከማለት በቀር ሌላ መልስ ባላገኘም ነበር። አውሮፓውያን እህሉን በመርከብ ጭነው ሲሄዱ የእናቶቹን ሥራ ትርጕም የሌለው ልማድ አድርገው ትተውት ሄዱ። ከዚህ ቸልተኝነት የመጣውን መከራ ለማወቅ 400 ዓመት ያህል ፈጅቷል።

በ1735 ዓ.ም. በእስፓኝ አገር በአስቱርያስ ክፍል፣ በኦቪዬዶ ከተማ የሚኖር ጋስፓር ካሳል የተባለ ሐኪም አንድ ያልታወቀ በሽታ ተመለከተ። ገበሬዎቹ «የጽጌረዳ ደዌ» ይሉታል፤ እጃቸውና እግራቸው ላይ የሚወጣው ቍስል ቀይ ስለሆነ ነው። በአንገታቸውም ዙሪያ እንደ ማተብ ወይም እንደ ድሪ የሚከብብ ምልክት ይታያል፤ ይህ ምልክት እስከ ዛሬ «የካሳል ድሪ» ይባላል። ካሳል ከቆዳው አልፎ የሕሙማኑን ኀዘንና የአእምሯቸውን መናወጥ ጽፏል። ከዚህም በላይ የሚያስመሰግነው ነገር የሚበሉትን መመልከቱ ነው፤ ሁሉም ድኾች እንደ ሆኑ፣ ከበቆሎ በቀር የሚበሉት ጥቂት እንደ ሆነ፣ ሥጋም ከማዕዳቸው እንደማይታይ አስተዋለ።

ካሳል በ1751 ዓ.ም. ወደ ማድሪድ ተጠርቶ የንጉሥ ሐኪም ሆነ። ንጉሡ ፈርዲናንድ 6ኛ በ1758 ዓ.ም. ሚስታቸው ንግሥት ባርባራ ስለ ሞቱባቸው ከጽኑ ትካዜ ላይ ወድቀው፣ መብልና እንቅልፍ እንቢ ብለው፣ በተከታዩ ዓመት ሞቱ፤ ካሳልም በዚያው ዓመት ዐረፈ። ስለ አስቱርያስ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1762 ዓ.ም. ነው። የሚያስደንቀን ነገር አንድ ሐኪም በአንድ ዕድሜው ሁለቱን ዓይነት ትካዜ ለማየት መብቃቱ ነው፦ አንዱ ከሞት ኀዘን የመጣ የቤተ መንግሥት ትካዜ፣ ሌላው ከባዶ ሞሰብ የመጣ የገበሬ ትካዜ። ሁለቱ በውጭ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። የንጉሡን ትካዜ የታሪክ ጸሐፊዎች ሁሉ መዘገቡት፤ የገበሬውን ግን ከካሳል መጽሐፍ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም።

ከእስፓኝ ቀጥሎ በሽታው በሰሜን ኢጣልያ በረታ። በዚያ የመሬቱ ባለቤት ስንዴውን ለገበያ ይወስዳል፤ ለአራሹ የሚቀርለት በቆሎ ነው። በቆሎውንም ገንፎ አድርጎ ጧትና ማታ ይበላዋል፤ ስሙም ፖሌንታ ይባላል። ዛሬ በታላላቅ ምግብ ቤቶች በቅቤና በአይብ ታጅቦ ስለሚቀርብ ፖሌንታ የሚያውቅ አንባቢ ሁለቱን እንዳያመሳስል። በ1771 ዓ.ም. ፍራንቼስኮ ፍራፖሊ የተባለ የሚላኖ ሐኪም ሕዝቡ ለበሽታው የሰጠውን ስም በመጽሐፉ አገባ፤ «ፔሌ አግራ» ሻካራ ቆዳ ማለት ነው። በ1784 ዓ.ም. በሌኛኖ ከተማ ለዚህ በሽታ ብቻ የቆመ ሆስፒታል ተከፍቶ ጋኤታኖ ስትራምቢዮ የሚባል ሐኪም ተሾመበት። እሱም ከሕሙማኑ ብዙዎቹ በትካዜ ተይዘው ራሳቸውን ከወንዝና ከጕድጓድ ውሃ ለመጣል እንደሚገፋፉ ስላየ፣ ለዚህ ጠባይ ብቻ የተለየ ስም እስከ ማውጣት ደርሷል።

በ1786 ዓ.ም. የጀርመኑ ባለ ቅኔ ጎተ ወደ ኢጣልያ ሲጓዝ የተራራውን አገር ሰዎች የገረጣ መልክ በሠረገላው ውስጥ ሆኖ አይቶ፣ ምክንያቱ ዘወትር የሚበሉት በቆሎና የመሰለው እህል ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጽፏል። መንገደኛ ባለ ቅኔ በመስኮት ያየውን የአገሩ ሊቃውንት ግን ለመቀበል ተቸገሩ። በ1881 ዓ.ም. በኢጣልያ መንግሥት በተደረገው ቈጠራ ከመቶ ሺህ በላይ ሕሙማን ተገኙ። በዚያ ዘመን በጕዳዩ ላይ ቃላቸው ከሚሰማላቸው አንዱ ቼዛሬ ሎምብሮዞ ነበር፤ ወንጀለኛ በወንጀለኛነቱ የሚወለድ ነው፣ መልኩም ይናገርበታል የሚለውን ትምህርት ያስፋፋው ሰው ነው። ሎምብሮዞ የበሽታው ምክንያት የሻገተ በቆሎ መርዝ ነው አለ። ይህ አሳብ ፈጽሞ ከንቱ ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ከእህሉ ጋራ ግንኙነት እንዳለው ማስታወሱ አንድ ነገር ነው። ነገር ግን ሊቁ በእህሉ ውስጥ ያለውን ክፉ ነገር ሲፈልግ፣ ከእህሉ የጐደለውን መልካም ነገር የፈለገ አልነበረም። መርዝ የለመደ ዓይን ጕድለትን አያይም።

አሁን ባሕሩን ተሻግረን እህሉ ወደ ተነሣበት ወደ አሜሪካ እንመለስ። በተባበሩት ግዛቶች ደቡብ ክፍል፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነጩም ጥቁሩም ድኻ አብዛኛው ጢሰኛ ሆኖ ነበር። የሚታረሰው ጥጥ ብቻ ነው፤ ጥጡ እስከ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ይዘራል፤ ለጓሮ አትክልትና ለላም ማሰማሪያ የሚተርፍ ቦታ የለም። ጢሰኛው መከሩ እስኪደርስ ድረስ ከሱቅ በዱቤ ይበላል፤ የሚበላውም ሦስት ነገር ነው፦ የበቆሎ ዱቄት፣ ጨው የበዛበት የአሳማ ጮማ፣ የሸንኮራ አገዳ ዝልል። በቆሎውን በአዲስ መኪና የሚፈጩት ነጋዴዎች እንዳይበላሽባቸው እንቡጡን እያወጡ ስለሚጥሉት፣ ቀድሞም ጐደሎ የነበረው እህል ይብሱን ጐደለ።

በ1906 ዓ.ም. በአላባማ ግዛት በማውንት ቬርነን በሚገኘው የጥቁሮች የአእምሮ ሕሙማን ቤት በሽታው ድንገት ተነሣ። ሐኪሙ ጆርጅ ሲርሲ በተከታዩ ዓመት ባሳተመው ጽሑፍ 88 ሰዎች ታመው 57 እንደ ሞቱ ገለጠ። ከዚያ በኋላ በየግዛቱ ሲፈለግ በየእብዶች ቤቱ፣ በየወኅኒው፣ በየሙት ልጆች ማሳደጊያው ተገኘ። በ1912 ዓ.ም. በሳውዝ ካሮላይና ሥራውን የጀመረ በሁለት ባለጸጎች ገንዘብ የቆመ አጣሪ ጉባኤ በሽታው የሚተላለፍ ነው የሚል ፍርድ ሰጠ። ቻርልስ ዳቨንፖርት የተባለው የዘር ማሻሻል ትምህርት መሪ ደግሞ በ1916 ዓ.ም. ለበሽታው መጋለጥ ከዘር የሚወረስ ነው ሲል ጻፈ። እንግዲህ በመግቢያችን ያመለከትነው ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረው ቃል እዚህ ላይ የሊቅ ካባ ለብሶ ተመለሰ ማለት ነው። ይህ ቃል ለብዙዎች የተመቸ ነበር፤ በሽታው ከደማቸው ከሆነ ደመወዛቸውን የሚጨምርላቸው አይኖርምና።

በ1914 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ነገሩን እንዲመረምር ጆሴፍ ጎልድበርገርን ላከ። ጎልድበርገር በ1874 ዓ.ም. በዚያ ዘመን የኦስትሪያና የሀንጋሪ መንግሥት ግዛት በነበረች፣ ዛሬ በስሎቫኪያ ውስጥ በምትገኝ መንደር ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ኒውዮርክ የተሰደደ ነው፤ አባቱ ትንሽ የምግብ ሸቀጥ ሱቅ ነበረው። ለመንግሥት ሲሠራ ቢጫ ወባ፣ ተስቦና ሌላም ተላላፊ በሽታ ይዞት ከሞት አፋፍ ተመልሷል። እንግዲህ ተላላፊ በሽታ ምን እንደሚመስል በገዛ ሥጋው የተማረ ሰው ነው።

ጎልድበርገር ወደ ደቡብ ወርዶ በየሕሙማኑ ቤት ሲዞር በመጀመሪያ ያየው በማንም ዓይን ፊት የነበረ፣ ማንም ግን ያላየው ነገር ነው። ሕሙማኑ በፔላግራ ያልቃሉ፤ ሌት ተቀን ከእነሱ ጋራ የሚውሉት አስታማሚዎችና ነርሶች ግን አንድም አይታመሙም። በሽታው ተላላፊ ቢሆን ኖሮ በርና መስኮት ባልለየም ነበር። አስታማሚዎቹ «የምንበላው ከሕሙማኑ ጋራ አንድ ነው» ይሉ ነበር፤ ነገር ግን ከምግቡ የተሻለው ለእነሱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ያልበቃቸውም ከውጭ ገዝቶ ይበላል። በጃክሰን ከተማ በነበሩት የሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ደግሞ የሚታመሙት ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያሉት ልጆች እንደ ሆኑ አስተዋለ። ከስድስት ዓመት በታች ላሉት ወተት ይሰጣል፤ ከዐሥራ ሁለት በላይ ያሉት ሥራ ስለሚሠሩ ሥጋ ይሰጣቸዋል፤ በመካከል ያሉት ለወተት ያደጉ፣ ለሥጋ ያልደረሱ ናቸው። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በሽታው በዕድሜ ተለክቶ የሚሄድ ይመስል ነበር፤ የተለካው ግን ወጡ ነው።

ከመንግሥት ባገኘው ገንዘብ ለልጆቹ ወተት፣ ዕንቁላል፣ ሥጋ፣ ባቄላና አተር ጨመረላቸው። በሽታው በዓመቱ ከማሳደጊያዎቹ ጠፋ። በጆርጂያ ግዛት በሚልጅቪል ከተማ በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ቤትም በሁለት ክፍል ያሉትን ሴቶች በአዲሱ ማዕድ፣ ሌሎቹን በቀድሞው አድርጎ ቢጠብቅ፣ አዲሱን ማዕድ ከበሉት በሽታው ያገረሸበት አልተገኘም፤ ከሌሎቹ ግማሽ ያህሉ እንደገና ታመሙ።

ጠላቶቹ በዚህ አልረኩም። በ1915 ዓ.ም. በሚሲሲፒ ግዛት ራንኪን በሚባል የወኅኒ እርሻ 12 እስረኞች በፈቃዳቸው ለፈተና ተሰጡ፤ አገረ ገዢው ምሕረት አደርግላችኋለሁ ብሎ ቃል ገባላቸው። አንዱ ሲወጣ 11 ቀሩ። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ድረስ የደቡቡን ድኻ ምግብ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ ነጭ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ስኳር ድንችና ዝልል በሉ። ከ11ዱ 6ቱ ፔላግራ ወጣባቸው፤ ቀድሞ በዚያ እርሻ በሽታው አልነበረም። ይህ ሥራ በዛሬ ሕግ የሚፈቀድ አይመስለንም፤ እስረኛ ነፃነቱን ለማግኘት ሲል የሚሰጠው ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጎልድበርገር ግን ፈተናውን በእስረኞች ብቻ አልተወውም። በ1916 ዓ.ም. እሱና ባልደረቦቹ፣ በጠቅላላው 16 ሰዎች፣ የሕሙማንን ደም በመርፌ ተወጉ፤ የቍስላቸውን ቅርፊትና ከሰውነታቸው የሚወጣውን እድፍ በዱቄት ለውሰው ዋጡ። ሚስቱ ሜሪም ደሙን ተወጋች። ከ16ቱ አንድ እንኳ በፔላግራ አልታመመም።

ስለዚህ ሰው ሲወሳ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ይህ የድፍረት ሥራ ነው። እኛ ግን ከዚህ የሚበልጠው ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢኮኖሚው ሊቅ ከኤድጋር ሳይደንስትሪከር ጋራ በሳውዝ ካሮላይና በሰባት የጥጥ መፍተያ መንደሮች ያደረገው ጥናት ነው እንላለን። ሁለቱ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የየቤተ ሰቡን ገቢ፣ ከሱቅ የገዛውን እህል፣ ላም ያለውንና የሌለውን መዘገቡ። ገቢው ባነሰ ቍጥር በሽታው በዛ። ድኻው ወተትና ባቄላ ጠቃሚ መሆኑን ስላላወቀ ሳይሆን ስላልቻለ እንደማይበላ በቍጥር ታየ። የትካዜው ሥር ከማዕዱ ላይ ነው፤ የማዕዱም ሥር ከመሬቱና ከደመወዙ ላይ ነው።

ይህንን መስማት ግን የከበዳቸው ነበሩ። በ1920 ዓ.ም. የጥጥ ዋጋ ሲወድቅ ጎልድበርገር በሽታው እንደሚበረታ አስቀድሞ ተናገረ። በ1921 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ረኀብና ደዌ ደቡቡን እንደሚያሰጋ ገልጠው ቀይ መስቀል እንዲረዳ ቢያሳስቡ፣ የደቡብ እንደራሴዎች አገራችን ተሰደበች ብለው ተቈጡ፤ የጤና ሹማምንቶቻቸውም ረኀብ የለም ሲሉ መለሱ። ለሕዝብ ሊመጣ የነበረ እርዳታ በክብር ስም ተመለሰ። የሥልጣን ወንበር ላይ የተቀመጠ አንባቢ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ቢያነበው አንጠላም።

ጎልድበርገር በ1929 ዓ.ም. በነቀርሳ ሲሞት የጐደለውን ነገር ስም አላወቀም ነበር፤ የቢራ እርሾ እንደሚያድን ግን አሳይቶ በ1927 ዓ.ም. በሚሲሲፒ የጎርፍ አደጋ ጊዜ ለሕዝቡ እንዲታደል አድርጓል። በ1937 ዓ.ም. ኮንራድ ኤልቬየም በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በውሾች ላይ የሚታየውን ተመሳሳይ በሽታ ኒኮቲኒክ አሲድ እንደሚፈውስ አገኘ፤ ዛሬ ኒያሲን የሚባለው ነው። ይህ ነገር በኬሚስቶች መደርደሪያ ላይ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ተቀምጦ ነበር፤ ጥቅሙን የጠየቀው አልነበረም እንጂ። ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 15 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ቶም ስፓይስና ባልደረቦቹ በ1938 ዓ.ም. ስለ ፔላግራ የአእምሮ ምልክቶች ባወጡት ጽሑፍ፣ የሚቃዡና ዘመዶቻቸውን የማያውቁ ሕሙማን መድኀኒቱን በወሰዱ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ወደ ልባቸው እንደ ተመለሱ ገለጡ። ከዘራቸው ነው የተባለው እብደት በጥቂት ዱቄት ለቀቀ። በተባበሩት ግዛቶች ከ1906 እስከ 1940 ዓ.ም. ድረስ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ታመሙና መቶ ሺህ ያህሉ እንደ ሞቱ ይገመታል።

የእናቶች የኖራ ውሃም ምስጢሩ ያን ጊዜ ተገለጠ። በበቆሎ ውስጥ ኒያሲን አለ፤ ነገር ግን ከሌላ ነገር ጋራ ታስሮ የሚገኝ በመሆኑ ሆድ ሊፈታው አይችልም፤ ኖራው ይፈታዋል። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ ሰውነታችን ትሪፕቶፋን ከሚባለው የፕሮቲን ክፍል ኒያሲንን ራሱ መሥራት እንደሚችል ታወቀ፤ በቆሎ በትሪፕቶፋንም ድኻ ነው። ጥራጥሬ፣ ወተት፣ ዕንቁላልና ሥጋ ይህን ጕድለት ይሞላሉ። በአገራችን በቆሎ የሚበላ ገበሬ ከጎኑ ሽሮና ባቄላ ካልተለየው ከዚህ መከራ የሚጠበቅበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ገሌኖስ የከሰሰው ምስርም ከነዘመዶቹ ነፃ የወጣው በዚህ ነው።

ፔላግራ ብቻውን የቆመ ምሳሌ እንዳይመስል ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛው የአንገት ዕጢ ነገር ነው። ታይሮይድ የሚባለው ይህ ዕጢ ሥራውን ሲያጎድል ሰው ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ይተክዛል፤ አንዳንዱም ይቃዣል። በ1891 ዓ.ም. ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ ዕጢ የጨመቀውን ውሃ ለአንዲት እንዲህ ላለች ሴት በመርፌ ቢሰጣት ተነሣች፤ እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስም ኖረች። በ1949 ዓ.ም. ሪቻርድ አሸር እንደ እብድ የተቈጠሩ 14 እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ታሪክ አሳተመ፤ አብዛኞቹ የዕጢውን መድኀኒት ባገኙ ጊዜ ድነዋል። ይህ ዕጢ ያለ አዮዲን አይሠራም፤ በደጋው አገራችን እንቅርት የበዛውም አዮዲን ከአፈሩ በዝናብ ስለ ታጠበ ነው። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት የሚያዝዘው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በ2011 ዓ.ም. መውጣቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው በ1945 ዓ.ም. በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ ያደረገው ፈተና ነው። ስለ ሕሊናቸው ጦር መሣሪያ አናነሣም ያሉ 36 ወጣቶች፣ በሥጋም በአእምሮም ጤነኞች መሆናቸው ተመርምሮ የተመረጡ፣ በጦርነት ለተራበው አውሮፓ የሚጠቅም እውቀት እንዲገኝ ስድስት ወር በግማሽ ጥጋብ ኖሩ። ድንች፣ ሥራ ሥር፣ ዳቦና መኰሮኒ ይበሉ ነበር። ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህል ጐደለ። ከዚህ ይልቅ ግን ጠባያቸው ተለወጠ፤ ተጫዋቹ ዝም አለ፤ ሰው ወዳዱ ብቻውን መሆን መረጠ፤ ስለ ዓለም ሰላም ይከራከር የነበረው የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመረ። የትካዜ መለኪያቸው ከፍ አለ። ምግቡ ተጨምሮላቸውም ትካዜው ወዲያው አልለቀቃቸውም። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ለአሳባቸው ሲሉ የአገራቸውን ቍጣ የታገሡ ነበሩ። «ድኻ የሚተክዘው ወኔ ስለሌለው ነው» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘንም።

ይሁን እንጂ ከአንዱ ስሕተት ሸሽተን ከሌላው እንዳንወድቅ መጠንቀቅ አለብን። ኒያሲን ፔላግራን ስላዳነ ሌላውንም የአእምሮ በሽታ ሁሉ ያድናል ያሉ ሊቃውንት ነበሩ፤ ሆፈርና ኦስመንድ በ1950ዎቹ በካናዳ ለስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን በብዛት ይሰጡት ነበር፤ በኋላ በ1970ዎቹ የተደረገው ምርመራ ግን ተስፋቸውን አላጸናላቸውም። በ2017 ዓ.ም. በአውስትራልያ በ67 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ምግባቸውን እንዲያሻሽሉ ቢረዱ ከሌሎቹ ይልቅ ተሽሏቸዋል፤ በ2019 ዓ.ም. በአራት የአውሮፓ አገሮች ከሺህ በላይ ሰዎች ላይ የተደረገው ደግሞ የቪታሚን እንክብል ድባቴን እንዳላስቀረ አሳየ። የመጀመሪያው ጥናት ትንሽ ነው፤ ሁለተኛው ትልቅ ነው። እንክብል የሚሸጥ ነጋዴ ግን የመጀመሪያውን ብቻ ይጠቅሳል። የንጉሥ ፈርዲናንድ ማዕድ ምንም አልጐደለበትም ነበር፤ ሆኖም በትካዜ ሞቱ። በኀዘን፣ በስደት፣ በብቸኝነት የመጣውን ሕመም በወጥ ልናድነው አንችልም፤ በወጥ የሚድነውን ደግሞ በተግሣጽ ልናድነው አንችልም።

ፔላግራ ከሠለጠነው ዓለም ወጥቷል። በ1940ዎቹ አሜሪካኖች ዱቄታቸው ኒያሲን እንዲጨመርበት ባዘዙ ጊዜ፣ ሕዝቡም ከጥጡ እርሻ እየለቀቀ ወደ ከተማ በሄደ ጊዜ፣ በደቡቡ የአእምሮ ሕሙማን ቤቶች ውስጥ ለዚህ በሽታ የተለዩት አልጋዎች ባዶ ሆኑ። ነገር ግን በ1990 ዓ.ም. ከሞዛምቢክ ጦርነት ሸሽተው በማላዊ በየሰፈሩ በነበሩት ስደተኞች መካከል እንደገና ተነሣ። በዚያ ዓመት ብቻ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ታመሙ፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በዙ። የሚታደላቸው እህል በቆሎ ነበር። ሐኪሞቹ በመጡ ጊዜ የካሳልን ድሪ በአንገታቸው ዙሪያ አገኙ። የዕደላውን መዝገብ ቢያገላብጡት፣ ቀድሞ ከበቆሎው ጋራ ይሰጥ የነበረው ኦቾሎኒ ከዕደላው ቀርቶ ነበር።